ኦክስጅን ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ማሞቂያውን ለኩ

የአሰላና የቦቆጂ ጠዋት ብርዱ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ጠዋት «ቼክ ኢንጂን» በርቶ የኮድ ማንበቢያ ማሽኑ ፒ0135 ወይም ፒ0141 ሲያነብ ብዙ ሰው በቀጥታ ሴንሰር ይገዛል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ኮዱ የሚናገረው ስለ ሴንሰሩ ማሞቂያ መስመር ነው፤ ጥፋቱ ፊውዝ ወይም ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ሴንሰሩ በትክክል የሚያነበው 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲግል ነው። ማሞቂያው ካልሠራ ሴንሰሩ እስኪግል ድረስ የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጅ የሚሰጠው በግምት ነው፤ ቤንዚን ይባክናል፣ ጭሱም ይከፋል።

በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. ፊውዙን እዩ። ተቃጥሎ ከሆነ ቀይሩት፤ እንደገና ከተቃጠለ ሽቦው የጋለውን የጭስ ማውጫ ነክቶ ቀልጦ እንደሆነ ተመልከቱ።

2. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ። በባለ 4 ሽቦ ሴንሰር ላይ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የማሞቂያው ናቸው። በኦም ለኩ። እንደ ሞዴሉ ከ2 እስከ 20 ኦም አካባቢ ይሆናል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ማሞቂያው ተበጥሷል፤ ያኔ ሴንሰሩን ቀይሩ።

3. ማሞቂያው ደህና ከሆነ ከመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ፣ ሞተሩ በርቶ፣ 12 ቮልት መምጣቱን አረጋግጡ። ካልመጣ ፊውዙን፣ ሪሌዩንና ሽቦውን ተከተሉ።

4. ቮልቱ ካለ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለሰውን ሽቦ ፈትሹ። በብዙ መኪኖች ኔጋቲቩን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው።

በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ባለው የገጠር መንገድ ጭቃና ጠጠር ከሥር ያለውን ሽቦ ይጎዳል። ስለዚህ መኪናው ሥር ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩ። የአሥር ደቂቃ ልኬት የደንበኛን ገንዘብ ያድናል፤ የሙያችን ክብርም እዚያ ላይ ነው።