ሚኒባሱ የሚሰካበት ክፍተት

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ስትነዱ ከፊታችሁ ካለው መኪና ትንሽ ራቅ በሉ፤ ወዲያው አንድ ሚኒባስ ይሰካበታል። ያናድዳል። ደንብ ያከበረው ሰው የተቀጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ብዙዎች ከፊተኛው መኪና ጋር ተጣብቀው መንዳትን ይመርጣሉ። ዋናው አደጋ እንግዲህ ይኼ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ንቁ ሾፌር እንኳ አደጋ ካየበት ቅጽበት እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በአጠቃላይ 28 ሜትር መሆኑ ነው። በ30 የሚነዳው ግን 13 ሜትር ላይ ቆሟል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዝግ ብሎ የነዳው ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ፣ ፈጣኑ ገና ፍሬን አልነካም! እዚያች ቦታ ላይ ከታክሲ ጀርባ ብቅ ያለች እናት በሙሉ ፍጥነት ትመታለች። ክረምት ሲገባና ጎማው ያለቀ ሲሆን ደግሞ ርቀቱ ይረዝማል።

ልደታ ላይ እንዲህ ብቅ የሚል ሰው ብዙ ነው፦ ልደታ ማርያምን ሊሳለም የሚሄድ፣ የፍርድ ቤት ባለጉዳይ፣ ከባቡር የወረደ ተሳፋሪ። ግንቦት 1 ቀን የሚኖረውን ሕዝብማ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

መጣበቅ መንገዱንም አያፈጥነውም። የጃፓን ተመራማሪዎች 22 መኪኖችን 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት እንዲነዱ አድርገው ነበር፤ ውጤቱን ያሳተሙት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። መብራት የለ፣ ግጭት የለ፤ መንገዱ ግን ብዙም ሳይቆይ በራሱ ተጨናነቀ። አንዱ ትንሽ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው ያለው ይበልጥ ይይዛል፣ ቀጣዩ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፣ በመጨረሻ አንዱ ጭራሽ ይቆማል። ርቀት የሚጠብቅ ሾፌር ይህን ሞገድ ያበርደዋል፤ ከፊቱ ያለው ሲያመነታ እሱ ፍሬን ሳይነካ ነዳጁን ብቻ ይቀንሳል።

ከፊታችሁ የገባው መኪና የሚያዘገያችሁ በሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ዐሥር ቢገቡ 20 ሰከንድ። ለዚህ ተብሎ ክላክስ እያስጮኹ አሳድዶ ማለፍ ሒሳቡ አይገጥምም። የሚኒባሱ ሾፌርም ገቢው በምልልሱ ብዛት ነውና ሲጣደፍ ምክንያት አለው፤ ጥፋቱን ግን አያቀልለትም።

ምክር ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ የመንገዱ ጥግ በቀለምና በኮን እንዲጠብ ተደርጎ፣ የሚታጠፈው መኪና እንዲቀዘቅዝና እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀት እንዲያጥር ተሞክሯል። ልደታ ማርያም አካባቢም እንዲሁ ቢሠራ፣ ፍጥነቱም በ30 ቢገደብ፣ እዚያ ለማቋረጥ የሚጠብቁ አዛውንት ለመሻገር የማንንም ሾፌር መልካም ፈቃድ አይለምኑም።