ስለ ፈረስ ሆድና በውስጡ ስለሚኖሩት ረቂቃን ተሐዋስያን

በጋሪ ወይም በጭነት የሚተዳደር ሰው ፈረሱ የታመመ ዕለት ገቢው ይቋረጣል፤ ፈረሱ የሞተ ዕለት ግን ኑሮው ይናጋል። ፈረስን በድንገት ከሚገድሉት ደዌዎች አንዱ የሆድ ቁርጠት ነው። ማታ ደኅና ሆኖ ወደ በረቱ የገባ ፈረስ ሌሊቱን ሲንከባለልና ሲያቃስት ያድርና ሲነጋ ሞቶ ይገኛል። ባለቤቱም የሰው ዓይን በላው፣ ወይም ብርድ መታው ይላል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ባለፉት ጥቂት ቀናት ከገንዳው የተጨመረው መኖ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ለመረዳት የፈረስ ሆድ እንደ በሬ ሆድ አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በሬ የዋጠውን ሣር መልሶ ያመሰኳል፤ ገለባውን የሚያብላሉለት ተሐዋስያንም የሚኖሩት በሆዱ የፊተኛ ክፍል ነው። ፈረስ ግን አያመሰኳም፤ ጨጓራውም አንድና ትንሽ ነው። አምስት መቶ ኪሎ የሚመዝን የፈረንጅ ፈረስ እንኳ ጨጓራው የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ነው፤ የደጋው ፈረሳችን ክብደቱ የዚያን ግማሽ ያህል ስለ ሆነ ጨጓራውም በዚያው ልክ ያንሳል። ከዚህ በላይ ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ የገባው ነገር ሁሉ ወደ ፊት ከማለፍ በቀር መመለሻ የለውም።

ከጨጓራው ቀጥሎ ያለው ቀጭን አንጀት ከእህሉ ውስጥ ስታርቹን፣ ስኳሩንና ቅባቱን ይወስዳል። የሣርንና የገለባን ጭረት ግን የፈረሱ አካል በራሱ ኃይል ሊያብላላ ስለማይችል ሳይለወጥ ወደ ኋላ ያልፋል። በዚያም ሐኪሞች ዕውር አንጀት የሚሉት፣ በአንድ ወገን የተዘጋ ታላቅ ከረጢት ይቀበለዋል። ይህ ከረጢት በትልቅ ፈረስ ከ25 እስከ 35 ሊትር ይይዛል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ወፍራም አንጀት ደግሞ ከዚህም የሰፋ ነው። ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቃን ተሐዋስያን እጅግ በዝተው የሚኖሩት በዚህ ስፍራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ግሩቢና ደላፎን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሣር በል እንስሳት በሆዳቸውና በአንጀታቸው ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት መኖራቸውን በማጉያ መነጽር አይተው በፓሪስ አስታወቁ። አየር በሌለበት የሚኖሩና ጭረት የሚሰብሩ ፈንገሶች በፈረስ ዕውር አንጀት ውስጥ መገኘታቸው የታወቀው ደግሞ በቅርቡ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ነው።

እነዚህ ተሐዋስያን ጭረቱን እያብላሉ ወደ ቀላል አሲዶች ይለውጡታል፤ አሲዶቹም የአንጀቱን ግድግዳ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ። ሣርና ድርቆሽ የሚበላ ፈረስ ከግማሽ የሚበልጠውን ኃይሉን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የቢ ወገን የሆኑትንም ቪታሚኖች ያዘጋጁለታል። ውርንጭላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናቱን ፋንድያ ሲቀምስ ብዙ ሰው ተጸይፎ ያባርረዋል፤ ነገር ግን እንስሳው እነዚህን ረዳቶች ወደ ሆዱ ከሚያስገባባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ስለ ሆነ መከልከል አይገባም።

አሁን ወደ እህሉ እንመለስ። ገብስ ወይም በቆሎ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲሰጥ ቀጭኑ አንጀት ስታርቹን ሁሉ መውሰድ ስለሚሳነው ትርፉ ወደ ዕውሩ አንጀት ይጎርፋል። ስታርች ወዳድ የሆኑት ባክቴሪያዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበዙና እንደ እርጎ የሚጎመዝዝ ጽኑዕ አሲድ ያወጣሉ። ጭረት የሚያብላሉት ደጋጎቹ ይህን መራራ ኑሮ አይችሉምና ያልቃሉ። ጋዝ ይሞላል፤ ሆድ ይነፋል፤ የአንጀቱ ግድግዳም ይቆስልና መርዙ ወደ ደም ይገባል። መርዙ ሰኮናው ድረስ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ሰድዶ በኋለኞቹ ላይ ይደገፋል፤ ሰኮናውም ሲዳሰስ ይሞቃል። ከዚህ የዳነ ፈረስ እንኳ ብዙ ጊዜ አንካሳ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ በሰኮናው ሲጨነቅ ጥፋቱ ከሆዱ መነሣቱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ይህ አደጋ በመኸር ጊዜ ገመዱን ፈትቶ ከአውድማ እህል ላይ በሚያድር ፈረስ ላይ ይደርሳል። ለጉግስና ለበዓል ተብሎ በአንድ ሳምንት በሚቀለብ ፈረስም ላይ እንዲሁ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ነው፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ፈረሱን ማጠንከር የሚሻ ሰው እህሉን ቢዘገይ ከጥር 8 ጀምሮ ጥቂት በጥቂት መጨመር አለበት እንጂ በዋዜማው ከረጢት ሙሉ ገብስ መስጠት የለበትም። ማናቸውም የመኖ ለውጥ፣ ከደረቅ ድርቆሽ ወደ ክረምት ለምለም ሣር መሻገርም ቢሆን፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ተሐዋስያኑ አዲሱን መኖ የሚለምዱት በዚህ ጊዜ ነው።

250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ቢያንስ 4 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ያስፈልጋል። ገብስ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ባይበልጥ ይሻላል፤ ተጨማሪ ካስፈለገ በሌላ ሰዓት ይሰጥ። የጣሳ ልክ የተለያየ ስለ ሆነ የራስን ጣሳ አንድ ጊዜ በሚዛን መለካት ይገባል። ከእህል መካከል አጃ ስታርቹ በቀጭኑ አንጀት በቀላሉ ስለሚብላላ ከበቆሎ ይመረጣል። ድርቆሹን ከእህሉ በፊት ማቅረብም መልካም ነው፤ ፈረስ ምራቅ የሚያመነጨው ሲያኝክ ብቻ ነውና፣ አንድ ኪሎ ድርቆሽም ከአንድ ኪሎ እህል በእጅጉ ይበልጥ ያስኝከዋል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ተራ የሚጠብቅ የጋሪ ፈረስ ጨጓራው አሲድ ማፍሰሱን ስለማያቋርጥ ይቆስላል፤ በየመካከሉ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ማቅረብ ለባለጋሪው ከባድ ወጪ አይደለም። ገለባ ብቻ በልቶ ውሃ ያጣ ፈረስም አንጀቱ ይደርቅበታል። በከተማ የላስቲክ ከረጢት መዋጡ ሌላ መከራ ነው።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት ጠላትን ብቻ ሳይሆን በአንጀት ውስጥ ያሉትንም ረዳቶች ይፈጃል። ሊንኮማይሲን የተባለው ለሌሎች እንስሳት ቢሰጥም ፈረስን በብርቱ ተቅማጥ ሊገድለው ይችላል።

ጧት ጧት ፋንድያውን መመልከት ከሁሉ የቀለለ ምርመራ ነው። ጤናማው ድብልብልና እርጥብ ነው፤ ከፈሰሰ፣ ከጎመዘዘ፣ ወይም ብዙ ያልተፈጨ እህል ከታየበት እህሉን መቀነስ ይገባል። ፈረሱ ጎኑን ዘወር ብሎ ደጋግሞ ቢያይ፣ መሬት ቢጎደፍር፣ ቢንከባለል፣ ፋንድያም ቢያቆም መኖውን ወዲያው ማንሣትና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ሐኪሙ እስኪደርስ በዝግታ ማንሸራሸር ይቻላል፤ በሩጫ ማስጨነቅ ግን አይገባም። ዘይትም ሆነ አረቄ በአፉ ወይም በአፍንጫው በግድ መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባው ሊያስገባው ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።