እርም ያልወጣለት ሐዘን

ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ተለቅሶ እርም ይወጣል። ልጇን በጉዲፈቻ የሰጠች እናት ግን ልጇ በሕይወት አለ። ስለዚህ «እግዜር ያጽናሽ» የሚላት የለም፤ «ልጅሽ አለፈለት» ነው የምትባለው። ቀን «ተመስገን» ትላለች፤ ሌሊት ግን ብርድ ልብሱ ተገፎበት ይሆን እያለች እንቅልፍ ያጣታል።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. እስኪታገድ ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ሄደዋል። ብዙ ወላጆች ሲፈርሙ በልባቸው የነበረው የጥንቱ ጉዲፈቻ ነው፤ ልጁ ሌላ ቤት ያድጋል እንጂ ከወለዱት አይቆረጥም። የቤተሰብ ሕጋችንም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይደነግጋል። በአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻው ሲጸድቅ የወላጆች መብት እዚያው ያበቃል። እናት «ሲያድግ ይመጣል» ብላ፣ ፎቶውን ከሣጥኗ እያወጣች ስትጠብቅ የኖረችው ይህን ሳትረዳ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጁስ? ምንም ሳይጎድልበት በልደቱ ቀን ሆዱን ባር ባር የሚለው አለ። በተለይ ታላላቆቹ ቤት ቀርተው እሱ ብቻ ከተሰጠ፣ «ለምን እኔን?» የሚለው ጥያቄ አይለቀውም። አውጥቶ እንዳይጠይቅ ደግሞ ያሳደጉትን መክዳት ይመስለዋል። «እድለኛ ነህ» ባሉት ቁጥር ይበልጥ ዝም ይላል።

አሳዳጊ እናትም የራሷ ጭንቀት አላት። ስንት ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ ያገኘችው ልጅ «ወላጅ እናቴን ማየት እፈልጋለሁ» ሲላት ትደነግጣለች። ልጁ ግን ሥሩን ፈለገ እንጂ እሷን አልጠላም። አገር ውስጥ ለሚያሳድጉም የምለው አንድ ነው፦ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ እያቀፋችሁ ንገሩት። በ15 ዓመቱ ከጎረቤት አፍ ሲሰማው የሚሰበረው እምነት በቀላሉ አይጠገንም።

ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ፍለጋ የሚመጡ አሉ። እናት በወላይትኛ ወይም በአማርኛ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ፣ መሐላቸው አስተርጓሚ። ልጁ ለዓመታት ያዘጋጀውን ጥያቄ ሲጀምር እናት «መጀመሪያ እህል ይቅመስ» ትላለች፤ አስተርጓሚው ተርጉሞ ሳይጨርስ ጉርሻው አፉ ደርሷል።