ፊልጶስ የመጣው ለሚያነብ ሰው ነው

ከዳንግላ የምትከታተለን አንዲት እህት ሰሞኑን በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ቅዳሴ አላስታጉልም፣ ስብከትም ከስልኬ እሰማለሁ። ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስን ለብቻዬ ማንበብ ምን ይጨምርልኛል? ደግሞስ ያለ መምህር ማንበብ ለስሕተት አይዳርግም ወይ?» ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። እንጅባራም ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በተቀመጥን ቁጥር ይነሣል። ስለዚህ ለሁላችንም እንዲሆን እዚሁ ልመልሰው።

ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8፣ በጃንደረባው ታሪክ ነው። የህንደኬ ግምጃ ቤት ሹም የነበረውን ይህን ኢትዮጵያዊ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ ጥምቀቱ ብዙ ተሰብኳል። እኔ ከጥምቀቱ በፊት ያለውን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ሰውዬው ኢየሩሳሌም ሰግዶ እየተመለሰ ነበር። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ፣ ሰግዶ ሲያበቃ አሁንም በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። መስገዱ ማንበቡን አላስቀረበትም። መምህርም አልነበረውም፤ ግን መምህር እስካገኝ ብሎ መጽሐፉን አልዘጋም። ፊልጶስ ሲደርስ ደግሞ በደፈናው «አስተምረኝ» አላለውም። ነቢዩ ስለ ራሱ ይናገር እንደሆነ ወይስ ስለ ሌላ ሰው፣ ያንን ለይቶ ጠየቀው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንብቦ ከተቸገረ ሰው እንጂ ካላነበበ ሰው አይወጣም።

እንግዲህ እህቴ፣ ቅዳሴው ብዙ ያሰማሻል። ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክት ያነባል፣ ንፍቅ ዲያቆኑ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ንፍቅ ካህኑ ከግብረ ሐዋርያት፤ ከዚያ ምስባኩ ይሰበካል፣ ወንጌሉ ይነበባል። በአንድ ቅዳሴ ይህን ያህል ቃለ እግዚአብሔር መስማት ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የሚነበበው በግጻዌው ለዕለቱ የተመደበው ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ምን ተባለ፣ ከዚያ በኋላስ ምን ይከተላል የሚለውን ማየት የቤት ሥራችን ነው።

ይህን የቤት ሥራ ስንተወው የሚሆነውን በቅርብ እንየው። ከእንጅባራ ዳንግላ በሚመላለሱት ሚኒባሶች፣ በባጃጆች መስታወት ላይ ፊልጵስዩስ 4፥13 ተለጥፎ ታያላችሁ። ፈተና የሚጠብቁ ተማሪዎችም በደብተራቸው ሽፋን ላይ ይጽፉታል። ኃይል በሚሰጠው በክርስቶስ ሁሉን እንደሚችል ሐዋርያው የተናገረበት ቃል ነው። ብዙዎቻችን «አልፋለሁ፣ አሸንፋለሁ፣ ይሳካልኛል» ብለን እንወስደዋለን። እስቲ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሱ። ቁጥር 12 ላይ ጳውሎስ መጥገብንም መራብንም፣ ማግኘትንም ማጣትንም እንደ ተማረ ይናገራል። ወደ ምዕራፍ 1 ስትሄዱ ደግሞ ጸሐፊው በእስራት ላይ ያለ ሰው መሆኑን ታገኛላችሁ። ስለዚህ «ሁሉን እችላለሁ» ያለው ማጣቱንም እችለዋለሁ ማለቱ ነው። ቃሉ አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ፈተናውን ለወደቀ ተማሪ፣ ማሳው በውርጭ ለተመታበት ገበሬ የሚሆን ቃል ሆነ። በተለጣፊው ላይ ግን ይህ አልነበረም።

ጥቅስን ከቦታው ነጥሎ መጠቀም ምን ያህል እንደሚያሰጋ ወንጌሉ ራሱ ያሳየናል። በማቴዎስ ምዕራፍ 4 ፈታኙ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ከመዝሙር 90 ነው (በሌላው አቆጣጠር 91)። የጠቀሰው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ በእርግጥ አለ። ጠቅሶ ያቆመው ግን እባቡ የሚረገጥበት ቁጥር ላይ ሊደርስ ሲል ነው! ዳዊቱን ሙሉውን የሚያውቅ ሰው የት ላይ እንደ ተቆረጠ ያያል። ዛሬ በአንድ ደቂቃ የቲክቶክ ቪዲዮ አምስት ጥቅስ በሚወረወርበት ዘመን ይህን ለይቶ ማየት የሚችል ሰው ያስፈልገናል።

አንዳንዱ «መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማጥናት የሌሎች ልማድ ነው» ይላል። አይደለም፤ በቤታችን የኖረ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዳዊትን በየዕለቱ ከፍለው ይደግማሉ፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልየ መኃልዩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉውን ማዳረስ ማለት ነው። በመጻሕፍት ቤት የሚሰማው የአንድምታ ትርጓሜም መምህራን አንዱን ንባብ ከዚህም ከዚያም እያዩ፣ እየጠየቁ ያቆዩልን ሀብት ነው። ጠያቂ ደቀ መዝሙር ባይኖር ይህ ሁሉ ትርጓሜ ባልተከማቸ።

ከጎጃማችን ደግሞ አቡ ሩሚ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የመለሰ የጎጃም ሰው ነው። ሥራውን ያሠራው የፈረንሳይ ቆንስል አሰሊን ደ ሸርቪል እንደ ጻፈው፣ ለዐሥር ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ትርጉሙን ሲመረምር ኖሯል። ከዚያ የወጣው በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ 9,539 ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በአማርኛ ለታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት የሆነውም ይኸው ነው። አንድ ጎጃሜ ዐሥር ዓመት የደከመበትን እኛ በኪሳችን በስልክ ይዘነው እንዞራለን።

የእኛ አካባቢ ሌላም ዕድል አለው። ብዙዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ግእዙን እንሰማለን፣ በአማርኛ እንሰበካለን፣ ቤት ስንገባ በአዊኛ እናወጋለን። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በበርካታ የአገራችን ቋንቋዎች አስጽፎ ወስዷል፤ አንዱ የዳሞት አገው ቋንቋ፣ የእኛው አዊኛ ነው። እናንተ እንዲህ ያለውን መተርጎም በየማታው ልታደርጉት ትችላላችሁ። ያነበባችሁትን ምዕራፍ እሳት ዳር ለእናታችሁ በአዊኛ ተርኩላት። መሃል ላይ «ለምን እንዲያ አለ?» ብላ ስትጠይቃችሁ ያልገባችሁ የት ላይ እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም፦

1. አንድ አጭር መጽሐፍ ምረጡ። ሩት፣ ዮናስ፣ ፊልጵስዩስ እያንዳንዳቸው አራት አራት ምዕራፍ ናቸው። ከዚያ ወደ ማርቆስ ወንጌል እለፉ።

2. ቀንና ሰዓት ወስኑለት። አቡ ሩሚን አስቡ፤ ሁለት ቀን ቢሆንም የማይነካ ቀን ይሁን። የስልኩ ዳታ ይዘጋ።

3. መጀመሪያ መጽሐፉን ሳታቋርጡ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። በሁለተኛው ዙር ማን ጻፈው፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ የሚለውን ከራሱ ከመጽሐፉ ፈልጉ።

4. ደብተር ያዙ። በአንዱ ገጽ የገባችሁን፣ በሌላው ያልገባችሁን ጻፉ።

5. ያልገባችሁን ለመምህር አቅርቡ። የንስሐ አባታችሁን፣ የአጥቢያችሁን መምህር ጠይቁ፤ የታተመውን አንድምታ ተመልከቱ።

ያለ መምህር ማንበብ ያስታል ወይ ላልሽው፣ የሚያስተው ያነበቡትን ለማንም ሳያሳዩ፣ በራስ ግምት ደምድሞ መቅረት ነው። ጥያቄ ሳይዙ መምህር ፊት መቀመጥም ብዙ አይጠቅምም። ግሩም ስብከት ሰምተን በነጋታው ምን እንደ ተባለ የሚጠፋብን ለዚህ ነው፤ የተነገረን ለጥያቄያችን መልስ አልነበረማ። ለብቻ ማጥናት ከመምህር አያርቅም፤ ለመምህሩ ሥራ ይሰጠዋል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁላችንም ፊልጵስዩስን እናንብብ፤ አራቱንም ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ። እያንዳንዳችሁ ያልገባችሁን አንድ ጥያቄ ምዕራፍና ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ ለመምህራን አቀርበዋለሁ። አንቺም የዳንግላዋ እህቴ፣ ቀጣዩን ጥያቄሽን ከዚያው ከፊልጵስዩስ አውጪልኝ።