ለጀማሪ ወጣት የሚስማማውን የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት ስለ መምረጥ

ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፤ ለቀበሌ ሹማምንትና ለባለ መሬቶች የሚጠቅም መግለጫ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለችው አምበር የአነደድ ወረዳ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ከተማይቱ በመንገድ ዳር ብትሆንም አራሹ ሕዝብ የሚበዛው ከመንገድ ርቆ ነው። ወደ ሰሜን ሲሄዱ አገሩ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ እያለ ይወጣል፤ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ደግሞ ወደ ዐባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት ሜዳ ብዙው ጥቁር ዋልካ ነው። ስለዚህ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ራቅ ካለ ቀበሌ ደርሶ መመለስ በእግር ለሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ሊሆን ይችላል።

በመንግሥት አሠራር በየቀበሌው 3 የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቅዷል፤ ይኸውም አንዱ ለሰብል፤ አንዱ ለእንስሳት፤ አንዱም ለተፈጥሮ ሀብት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ገና ሥራ የያዙ ወጣቶች ናቸው። በስንዴው ላይ ዋግ የታየ እንደ ሆነ፤ ወይም በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎውን የያዘ እንደ ሆነ፤ የጥቂት ቀን መዘግየት የብዙ ቤተ ሰብ እህል ያጠፋል። ሠራተኛው ፈጥኖ እንዲደርስ ሞተር ብስክሌት መስጠት ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን የሚሰጠው ሰው ከዚያ በፊት ምንም ተሽከርካሪ ነድቶ የማያውቅ ከሆነ፤ የዕቃው ምርጫ የዋጋ ነገር ብቻ አይደለም። አባቶች በኮርቻ ላይ መቀመጥ ገና ለሚማር ልጅ ገራም በቅሎ ያቀርቡለት ነበር እንጂ ለጉግስ የሠለጠነ ፈረስ አይሰጡትም ነበር። ለሥራ ማፋጠኛ የተገዛ ሞተር ለነጂው ያልተስማማ ሲሆን፤ ወጣቱን አካለ ጎዶሎ ያደርገዋል፤ ወይም ሕይወቱን ያጠፋል፤ ቀበሌውም ሠራተኛ አልባ ይሆናል። ስለዚህ ገዥው አስቀድሞ ሊመለከታቸው የሚገቡት ነገሮች ከዚህ በታች ተራ በተራ ተገልጸዋል።

1ኛ፤ ስለ ጕልበቱ

የሞተር ትልቅነት የሚለካው በሲሊንደሩ ይዘት ነው፤ መለኪያውም ሲሲ ይባላል። ለጀማሪ የሚበቃው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ነው። ብዙ ሰዎች አገሩ ዳገት ስለ ሆነ ትልቅ ሞተር ያስፈልጋል ይላሉ፤ ነገሩም በከፊል እውነት አለው። ደብረ ማርቆስና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በደጋ አየሩ የሳሳ በመሆኑ፤ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሞተሩ ጕልበት ከ10 አንድ እጅ ያህል ይጐድላል። ስለዚህ በባሕር ወለል ልክ 12 የፈረስ ጕልበት የሚሰጠው ሞተር በዚህ አገር የሚሰጠው 9 ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ በሜዳው ቀበሌ ለሚሠራ 100 ሲሲ ይበቃዋል፤ ወደ ጮቄ በኩል ለሚወጣ ግን 125 ወይም 150 ይሻለዋል። ከ200 ሲሲ በላይ የሆነውን ለጀማሪ መስጠት አይገባም። ዳገቱን የሚያስወጣው ማርሽ በጊዜው መለወጥን ማወቅ ነው፤ ትልቁ ሞተር ግን እጁ ያልጸና ወጣት ጋዙን ባንድ ጊዜ የጠመዘዘው እንደ ሆነ ከሥሩ ያመልጠዋል። በዓለም ላይ ብዙ ሰው መንዳት የተማረው በትንሽ ሞተር ነው፤ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ሱፐር ካብ የተባለው ሲጀመር 50 ሲሲ ብቻ ነበር፤ እስከ 2017 ድረስም ከዚህ ዐይነት 100 ሚሊዮን ተሠርቷል።

ደግሞም ካርቡራቶሩ ለቆላ አገር የተስተካከለ ከሆነ፤ በደጋ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩም ይታፈናል። ይህን መካኒክ በጥቂት ሥራ ያቃናዋል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ትልቅ መግዛት የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነው።

2ኛ፤ ስለ ክብደቱና ስለ ቁመቱ

ጀማሪ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ሲሄድ ሳይሆን፤ ቆሞ ሳለ ወይም በዝግታ ሲዞር ነው። ስለዚህ ነጂው በኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱን እግሮቹን ሙሉ በሙሉ መሬት ማስረገጥ ይገባዋል። ይህ ነገር በተለይ ቁመታቸው አጠር ላለ ወጣቶችና ለሴቶች የልማት ሠራተኞች ሊታሰብበት ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ለሰውየው ይመረጣል እንጂ ሰው ለሞተሩ አይለካም። ክብደቱም ከ100 እስከ 120 ኪሎ ያህል ቢሆን መልካም ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ሞተሩን በሣር ላይ በጐኑ አስተኝቶ ወጣቱ ብቻውን እንዲያነሣው ማድረግ ነው። ማንሣት ያቃተው እንደ ሆነ፤ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ የወደቀበት ዕለት ረዳት አያገኝም።

3ኛ፤ ስለ ጭቃና ስለ አቧራ

ጤፍ በሚዘራበት በሐምሌ የልማት ሠራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚፈለግበት ጊዜ ነው፤ መንገዱም ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው ያን ጊዜ ነው። የዋልካ ጭቃ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ኋላም ጎማው መዞር ይከለከላል። ለአስፋልት የተሠሩት ሞተሮች የፊት ጭቃ መከላከያቸው ከጎማው ጋር የተጠጋ ስለ ሆነ ለዚህ አገር ክረምት አይመቹም። የጭቃ መከላከያው ከጎማው ከፍ ያለ፤ የጎማውም ጥርስ ሰፋፊና ጥልቅ የሆነው ይመረጣል። በበጋ ደግሞ ዋልካው ስለሚሰነጠቅ፤ ቀጭን ጎማ በስንጥቁ ገብቶ ነጂውን ይጥላል። ካቴናው የተሸፈነ ቢሆን ከጭቃና ከአቧራ ይድናል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

4ኛ፤ ስለ ታወቁት ዐይነቶች

ለእርሻ ሥራ ተብለው ከተሠሩት አንዱ የያማሃው ኤጂ 100 ነው። ይህ 97 ሲሲ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ ካቴናው የተሸፈነ፤ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ ያለው፤ በግራም በቀኝም ማቆሚያ የተደረገለት ስለ ሆነ በማሳ ዳር ለማቆም ይመቻል። ታላቅ ወንድሙ ኤጂ 200 ባለ አራት ምት ነው፤ ነገር ግን ለፍጹም ጀማሪ ከበድ ይላል። የሆንዳው ኤክስ ኤል 125 ባለ አራት ምት፤ የሱዙኪው ቲ ኤፍ 125 ባለ ሁለት ምት ሲሆኑ፤ ሁለቱም ለኮረኮንች መንገድ የተሠሩ ናቸው። ከህንድ የሚመጣው የባጃጅ ቦክሰር በ100ና በ150 ሲሲ ይገኛል፤ ባለ አራት ምት ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላልና በቶሎ የሚጠገን ነው፤ ነገር ግን የራሱን ልዩ ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይቱ የጐደለበት ቀን ይነክሳል። ባለ አራት ምቱ ቤንዚን ይቈጥባል። ቍልቍለት ሲወርድም በትንሽ ማርሽ ከተያዘ ሞተሩ ራሱ አጥብቆ ይይዛል፤ ባለ ሁለት ምቱ ግን እንዲህ አይዝም። ወደ ዐባይ በኩል ባሉት ቀበሌዎች ለሚመላለስ ጀማሪ ስለዚህ ባለ አራት ምቱ ይሻለዋል። በማንኛውም ዐይነት ቢሆን ማርሽ አውጥቶ ቍልቍለት መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ፍሬኑ ብቻውን ብዙ ከያዘ ይግላል፤ ከጋለም መያዝ ይተዋል።

5ኛ፤ ስለ መለዋወጫና አሮጌ ስለ መግዛት

የቱንም ያህል መልካም ሞተር ቢሆን፤ መለዋወጫው በደብረ ማርቆስ ገበያ የማይገኝ ከሆነ ባንድ ዓመት ውስጥ በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ ካንዴላው፤ ካቴናው፤ የፍሬኑ ሸራ፤ የፍሪሲዮኑ ገመድና ከመነዳሪው በአቅራቢያው መገኘታቸውን ሰው ልኮ ማስጠየቅ ይገባል።

አሮጌ የሚገዛ እንደ ሆነ ጢሱ ይታይ። ባለ አራት ምት ሆኖ ሰማያዊ ጢስ የሚያጤስ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። የካቴናው ጥርስ እንደ መንጠቆ የተቈለመመ እንደ ሆነ ብዙ የሠራ ነው። በመሪው አንገት አጠገብ ስንጥቅ ወይም አዲስ ብየዳ የታየበትን አለመግዛት ነው። በሻሲው ላይ ያለው ቍጥርም ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ ይመርመር።

6ኛ፤ ስለ ራስ ቁርና ስለ ትምህርት

ለሞተሩ ከተመደበው ገንዘብ ለራስ ቁር፤ ለጓንትና ለጠንካራ ጫማ የሚሆነው አስቀድሞ ይለይ። ብዙ ጥናቶች ባንድነት ሲመረመሩ፤ የራስ ቁር የሞትን አደጋ ከመቶ 42 ያህል፤ በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ ከመቶ 69 ያህል እንደሚቀንስ ተገኝቷል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን በመውደቅ ጊዜ ከራስ ላይ ስለሚበር ጥቅም የለውም። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ እንደ ሆነ ርካሽ ሞተር ከመልካም የራስ ቁር ጋር መግዛት ይሻላል እንጂ፤ ውድ ሞተር ያለ ራስ ቁር አይገዛም።

በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቍጥር 1074/2010 መሠረት ነጂው ለሞተር ብስክሌት የሚሆን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱ ግን የትምህርት መጀመሪያ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት አጨዳው አልቆ ሜዳው ስለሚደርቅ፤ ልምምዱ ያን ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው። በመጀመሪያ መቆምን ይማር፤ ከዚያ በኋላ መሄድን። በደረቅ መንገድ አጥብቆ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው፤ በጭቃና በጠጠር ግን የፊቱን ፍሬን ባንድ ጊዜ የጨበጠ ይወድቃል። ይህን ልዩነት እጁ እስኪያውቀው ድረስ ከባድ መኪና ወደሚበዛበት ወደ አውራው መንገድ አይውጣ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በሌሊት አይንዳ፤ ከኋላው ሰው አያፈናጥ፤ ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያም አይጫን። ይህ ትእዛዝ ከሁሉ ይልቅ የሚጣሰው በሹማምንቱ በራሳቸው ነው፤ ሹሙ ለስብሰባ ሲቸኩል ከጀማሪው ኋላ ተፈናጥጦ አድርሰኝ ይለዋልና፤ ወጣቱም አለቃውን እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ ክልከላው በጽሑፍ ሆኖ በሹሙ ፊርማ ቢወጣ፤ ወጣቱ የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል።

ሞተሩ ለወጣቱ በሚሰጥበት ቀን የሹሙ ጸሓፊ በመዝገብ ላይ 4 ነገር ይጻፍ፤ ይኸውም የፈቃዱን ቍጥር፤ የራስ ቁር መቀበሉን፤ የሜዳ ልምምዱን መፈጸሙንና ሞተሩን ብቻውን ማንሣት መቻሉን ነው። ከአራቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ቍልፉ በጽሕፈት ቤቱ ይቆይ፤ ወጣቱም እስኪሟላለት ድረስ በበቅሎ ወይም በእግሩ ይሂድ። ይህን ሁሉ ከሰኔ በፊት የፈጸመ ወረዳ ጭቃው ሲመጣ ሠራተኛውን በማሳ ላይ ያገኘዋል።