በኩሬ ውስጥ አዲስ ዝርያ እንዴት ይፈጠራል?

ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲረጋ፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ኩሬው አረንጓዴ ይለብሳል። ይህ አረንጓዴ ነገር ሕይወት አለው። ስሙ ዋቅላሚ ወይም አልጌ ይባላል። እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አንዱን ለብቻ ዓይን አያየውም፤ በማይክሮስኮፕ ግን ይታያል። ዓይነቱ በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ?

ዋቅላሚ ብዙውን ጊዜ የሚራባው አንዱ ለሁለት እየተከፈለ ነው። ሲከፈል በውስጡ ያለው የዘር መልእክት ይገለበጣል። ፊደል የቆጠረ ሰው የግልበጣን ስሕተት ያውቃል። «ሰማ» ብሎ ሊጽፍ አናቱ ላይ አንድ ጭረት ቢጨምር «ሸማ» ይሆናል። የዘር መልእክትም እንዲሁ ይለወጣል። አብዛኛው ለውጥ አይጠቅምም። የሚጠቅም ሲገኝ ግን ያ ዘር ከሌላው ይልቅ ይበዛል።

የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ሙከራ ይህን ያሳያል። ለየብቻው የሚኖረውን ዋቅላሚ፣ ዋቅላሚ ከሚበላ ሌላ ደቃቅ ፍጥረት ጋር 50 ሳምንት አኖሩት። እንዲህ ካኖሯቸው 5 ወገኖች 2ቱ ተቧድነው መኖር ጀመሩ። የተቧደነውን መዋጥ ያስቸግራላ! በላተኛው ከሌለ በኋላም ልጆቻቸው እንደተቧደኑ ቀሩ።

ይህ ብቻውን ግን አዲስ ዝርያ አይባልም። መለያየትም ያስፈልጋል። ዳክዬ በእግሯ ጭቃ ዋቅላሚን ወደ ሩቅ ኩሬ ወሰደች እንበል። አንዱ ኩሬ ቀዝቃዛ፣ ሌላው ሞቃት ነው። ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ ብዙ ዘመን ቢኖሩ፣ በየኩሬው የተለያየ ለውጥ ይከማቻል። በኋላ ቢገናኙም ተዳቅለው የሚራባ ዘር አይሰጡም። ፈረስና አህያን ተመልከቱ፤ በቅሎን ይወልዳሉ፣ በቅሎ ግን መካን ናት። ዝርያቸው ስለተለያየ ነው።

እንግዲህ አረንጓዴ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ዋቅላሚ የዓሣ ምግብ ነው። በጣና ሐይቅም የተገኘው ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው ወገን ግን መርዝ ሊያወጣ ይችላል። መርዙ ሰውንም ከብትንም ይጎዳል፣ ውሃውን በማፍላትም አይጠፋም። በዓይን ብቻ ደግሞ መርዘኛውን ከደህናው መለየት አይቻልም።

ስለዚህ አረንጓዴ ነገር የሰፈፈበትን ውሃ አትጠጡ፤ ከብትም አታጠጡበት። ፋንድያና ማዳበሪያ ዋቅላሚን ያበዛሉና፣ ጎርፍ ወደ ኩሬው እንዳያወርዳቸው ቦይ ቅደዱ። ይህን ያነበባችሁ ላላነበቡት አሰሙ።