የሚያውቀውን መጠየቅ

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም በላይ ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ወረዳዎች ችግረኛ ቤተሰቦች በእህል ወይም በገንዘብ እየተከፈላቸው እርከን ሲሠሩ፣ ምንጭ ሲያጎለብቱ ቆይተዋል። ሥራው መሠራቱን ዘገባ ይነግረናል፤ መጥቀሙን የሚነግረን ግን ነዋሪው ነው። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ወጥተን እንዲህ ያለውን ሥራ ስንገመግም ቁልፍ መረጃ ሰጪዎችን እንጠይቃለን። እነዚህም በሹመታቸው ሳይሆን ጉዳዩን ቀርበው በማወቃቸው የሚመረጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ጉዳዩ ምንጭ ከሆነ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ብቻ ጠይቀን አንመለስ። ውሃ የሚቀዱትን እናት፣ የውሃ ኮሚቴውን ገንዘብ ያዥና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ለየብቻ እናነጋግር። «ምንጩ ጠቀማችሁ ወይ?» ብንል የደጋው ሰው እንግዳ አያሳፍርምና «ተመስገን፣ ደህና ነው» ይለናል። «ባለፈው ሚያዝያ ውሃ ከየት ቀዱ?» ብንል ግን እውነቱ ይወጣል፤ ጊዜው ብዙ ምንጭ የሚነጥፍበት ነውና።

«ጉድለቱን ብናገር እርዳታው ይቀርብናል» የሚል ስጋትም አለ። ስለሆነም ለምን እንደመጣን አስቀድመን እንግለጽ፤ በሹም ፊት አንጠይቅ፤ ስማቸውን በዘገባ አንጻፍ፤ የማንፈጽመውን ተስፋ አንስጥ። የሦስቱ ቃል ከተለያየም ሄደን ምንጩን በዓይናችን እንይ።

የተወደዳችሁ ደጋፊዎቻችን፣ በዘገባችን «ምንጩ በበጋ ደረቀ» የሚል ብታነቡ ተስፋ አትቁረጡ። ያን ቃል ያገኘነው አንዲት እናት ስላመኑን ነው፤ የሚቀጥለው ሥራ የሚታረመውም በእርሳቸው ቃል ነው።